ላፕቶፑ ላይ የነበረው ድራም ስልኩ ላይ የት ገባ?

እስቲ አስቡት። ኮተቤ ወይ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ፣ 3 በ3 በምትሆን የኪራይ ክፍል ውስጥ ናችሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኗል። የሰፈሩ ውሻ ጮሆ ጮሆ ደክሞታል፣ መብራትም ዛሬ አልጠፋም። ሦስት ሳምንት የለፋችሁበት ቢት አለቀ። ኪኩ ደረት ይመታል፣ ስኔሩ ጥርት ብሏል፣ ከበሮውም ከሥር ያጅባል። ኤክስፖርት አደረጋችሁ፣ በቴሌግራም ለድምፃዊው ላካችሁ፣ ተኛችሁ።

ጠዋት መልስ መጣ፦ «ዜማው ቆንጆ ነው፣ ግን ድራሙን ረሳኸው እንዴ?»

ይሄ የደረሰበት ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ብዙዎቻችን ቀጥሎ የምናደርገው ነገርም ተመሳሳይ ነው። ፕሮጀክቱን ከፍተን ኪኩን እንጨምራለን፣ መልሰን እንልካለን። በስልክ አሁንም አይሰማም፣ መኪና ውስጥ ሲከፈት ግን መስታወቱን ያንቀጠቅጣል። እንቀንሳለን፣ እንጨምራለን፣ እንቀንሳለን። በመጨረሻ ድምፃዊው ይሰለችና ሌላ ሰው ጋ ይሄዳል። ሥራውም ክፍያውም አብሮት ይሄዳል።

ብዙ ጊዜ ችግሩ የጆሮ ወይም የችሎታ ማነስ አይደለም። ድራም ሊጠፋ የሚችልባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፦ አንደኛ ፕሮጀክቱ ውስጥ፣ ሁለተኛ ኤክስፖርት ሲደረግ፣ ሦስተኛ ማጫወቻው ላይ። የሦስቱም መድኃኒት የተለያየ ነው። የቱ ጋ እንደጠፋ ሳታውቁ ኪክ መጨመር፣ ቁስሉ የት እንዳለ ሳያዩ ፋሻ እንደመጠቅለል ነው።

ዱሮ ባንዱ በሙሉ በአንድ ላይ እየተጫወተ ሲቀዳ ይሄ ችግር በዚህ መልኩ አልነበረም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ባቋቋመበት ዘመን የድራሙ ሚዛን በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያው በቀረጻው ሰዓት ነበር። ዛሬ ሁሉም ነገር በየትራኩ ተለያይቶ ስለሚቀመጥ ነፃነት አለን። ግን ተለያይቶ የተቀመጠ ነገር ደሞ ሲሰበሰብ ሊረሳ ይችላል። ሚክስዳውን ማለት ያ መሰብሰብ ነው፤ አንዱ ሶፍትዌር ኤክስፖርት፣ ሌላው ሬንደር፣ ሌላው ባውንስ ይለዋል። ሁሉም አንድ ነው።

*መጀመሪያ ምርመራው፦ ፋይሉን መልሳችሁ አስገቡት*

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ። 5 ደቂቃ አይፈጅም።

1. ማስተር ትራክ ላይ ያሉትን ኢፌክቶች ለጊዜው አጥፏቸው። ለምርመራ ስለሆነ አትጨነቁ፣ በኋላ ትመልሷቸዋላችሁ።

2. ዘፈኑን በዌቭ ኤክስፖርት አድርጉ። በኤምፒ3 አይደለም፣ በዌቭ።

3. የወጣውን ፋይል እዚያው ፕሮጀክት ውስጥ አዲስ ትራክ ላይ አስገቡትና ልክ ከዘፈኑ መነሻ ጋር አስተካክሉት።

4. የዚያን አዲስ ትራክ ፖላሪቲ ገልብጡት። አብዛኛው ሶፍትዌር ላይ ክብ ውስጥ ሰያፍ መስመር ያለበት ምልክት ነው፤ «ፌዝ» ወይም «ኢንቨርት» ተብሎም ይጻፋል። ሥራው የድምፁን ሞገድ ላዩን ታች፣ ታቹን ላይ ማድረግ ነው።

5. ሁሉንም አንድ ላይ አጫውቱ።

አሁን ፕሮጀክቱ ወደ ላይ ሲል ፋይሉ ወደ ታች ይላል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ እርስ በርስ ይጣፋሉ፣ የሚሰማችሁ ዝምታ ነው። ዝምታ ከሰማችሁ ኤክስፖርቱ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ሚክሱ ወይም ማጫወቻው ጋ ነው። ድራሙ ብቻውን ነጥሮ ከተሰማችሁ ግን ተገኘ፦ ድራሙ ፋይሉ ውስጥ አልገባም፣ ወይም ሌላ ሆኖ ነው የገባው።

አንድ ማሳሰቢያ። አንዳንድ የድራም ፕለጊኖች ሰው የመታው እንዲመስል እያንዳንዱን ምት ትንሽ ትንሽ ይለዋውጣሉ። እንዲህ ዓይነቶቹ ሁለት ጊዜ ሲጫወቱ አንድ ስለማይሆኑ ሙሉ ዝምታ አይሰጡም። መፍትሔው ድራሙን መጀመሪያ ወደ ኦዲዮ መቀየር ነው። ስትጨርሱ ደሞ የምርመራውን ትራክ አጥፉት፤ ከረሳችሁት ቀጣዩ ኤክስፖርት ባዶ ይወጣል!

*ድራሙ ፋይሉ ውስጥ ከሌለ*

እነዚህን በቅደም ተከተል እዩ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው የተደረደሩት።

*ሶሎ እና ሚዩት።* ቫዮሊኑን ብቻ ለመስማት ሶሎ አድርጋችሁ ረስታችሁት ይሆናል። ያስቃል፣ ግን ከሁሉም በላይ የተለመደው ምክንያት ይሄ ነው።

*ምን ያህሉ ነው የወጣው?* ኤፍኤል ስቱዲዮ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ የኤክስፖርት መስኮቱ ላይ «ፉል ሶንግ» እና «ፓተርን» የሚል ምርጫ አለ። ፓተርን ላይ ከሆነ የተመረጠው ፓተርን ብቻ ነው የሚወጣው። ሪፐር ላይ ደሞ «ሶርስ» የሚለው «ማስተር ሚክስ» መሆኑን፣ «ባውንድስ» የሚለው «ኢንታየር ፕሮጀክት» መሆኑን አረጋግጡ። የተመረጡ ትራኮች ብቻ ወይም የተመረጠ ጊዜ ብቻ የሚል ከሆነ ቀሪው አይመጣም።

*ድራሙ መንገዱን ስቷል።* ብዙ የድራም ፕለጊኖች ኪኩን፣ ስኔሩን፣ ሃይ-ሃቱን በየራሳቸው መውጫ መላክ ይችላሉ። ታዲያ አንዱ መውጫ ከማስተር ጋር ካልተገናኘ፣ ወይም በቀጥታ ወደ ኢርፎኑ ከተላከ፣ ስትሠሩ ይሰማችኋል፣ ኤክስፖርት ውስጥ ግን አይገባም። ሚክሰሩን ክፈቱና የድራሙን መስመር በጣታችሁ ተከተሉት። መጨረሻው ማስተር መሆን አለበት።

*ድራሙ ፒያኖ ሆነ።* ይሄ የሚከሰተው ቢቱን በሚዲ ፋይል ለጓደኛ ስትልኩ ነው። ሚዲ ድምፅ አይደለም፤ «ይሄን ኖታ በዚህ ሰዓት ምታ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። ጄኔራል ሚዲ በሚባለው የጋራ ሕግ ድራም የሚቀመጠው 10ኛው ቻናል ላይ ነው። ኪክ 36፣ ስኔር 38፣ የተዘጋ ሃይ-ሃት 42፣ የተከፈተው 46 ቁጥር ናቸው። ድራሙን ሌላ ቻናል ላይ ካስቀመጣችሁት ጓደኛችሁ የሚሰማው ወፍራም የፒያኖ ድምፅ ነው። ሲስቅባችሁ አትቀየሙት፣ ቻናሉን ቀይሩት።

*መጨረሻው ተቆረጠ።* የመጨረሻው የሲምባል ምት «ጭሽሽሽ» ብሎ ሳይጨርስ ቀጥ ካለ፣ «ቴይል» የሚለውን ማስተካከያ እዩ። ኤፍኤል ላይ «ካት ሪሜይንደር» ከሆነ ቀሪውን ይቆርጠዋል፤ «ሊቭ ሪሜይንደር» አድርጉት።

*ምቶች እየተዘለሉ ነው።* ኤክስፖርት ከመጫወቻ ፍጥነት በላይ ሲሄድ አንዳንድ የድራም ፕለጊኖች ሳምፕላቸውን ከዲስክ ሳይጭኑ ይቀራሉ። ኤክስፖርቱን በእውነተኛ ጊዜ አድርጉት፣ ወይም ድራሙን አስቀድማችሁ ወደ ኦዲዮ ቀይሩት። እዚህ ጋ የመብራት ነገር ይመጣል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ ለመቆጠብ ራሱን ያዘገያል፣ ድምፁም ይንጣጣል። ስታጫውቱ የሚሰማው መንጣጣት ፋይሉ ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ በእውነተኛ ጊዜ ኤክስፖርት ካደረጋችሁ ግን ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ላፕቶፑ ባትሪ ላይ ሆኖ እየተንጣጣ ከሆነ የመጨረሻውን ኤክስፖርት አታድርጉ፤ መብራት እስኪመጣ ጠብቁ።

*በስልክ የተቀዳ ከበሮ*

እውነተኛ ከበሮ ቢት ውስጥ ማስገባት የሚፈልግ ብዙ ነው። ደግሞም ያምራል። ለጥምቀት፣ ለቃና ዘገሊላ ጥር 12 ታቦተ ሚካኤል ሲገባ የካ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል። ስልኩን አውጥቶ የማይቀዳ የለም። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም ከተከፈተ ወዲህ ደሞ ከበሮና ማሲንቆ ይዞ ወጥቶ ቪዲዮ መቅረጽ ተለምዷል። (የቤተ ክርስቲያን ከበሮ የአምልኮ ዕቃ ነው። ቀድታችሁ ቢት ላይ ከማዋላችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ካልሆነ የባህል ዘፈኑን ከበሮ ቅዱ።)

በስልክ የተቀዳ ከበሮ ፕሮጀክት ውስጥ ሲገባ አራት ነገር ያጋጥመዋል።

አንደኛው ስልኩ ራሱ ድምፁን ከፍ ዝቅ ማድረጉ ነው። ስልክ የተሠራው ለንግግር ስለሆነ ከባድ ምት ሲመጣ ሁሉንም ዝቅ ያደርጋል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። ከበሮው እየተነፈሰ ያለ ይመስላል። ይሄ አንዴ ከተቀዳ በኋላ አይስተካከልም። ስትቀዱ መጠኑን በእጅ የሚያስተካክል መቅጃ አፕ ተጠቀሙ፤ እሱ ከሌለ ራቅ በሉ።

ሁለተኛው ንፋስ ነው። እንጦጦ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ባህር ዛፉ ዝም ብሎ አያውቅም። የንፋሱ ጉርምርምታና የከበሮው ወፍራም ድምፅ አንድ ሰፈር ነው የሚኖሩት። በኋላ ንፋሱን በኢኪው ልቁረጥ ስትሉ ከበሮውንም አብራችሁ ትቆርጡታላችሁ። ስትቀዱ ጀርባችሁን ለንፋሱ ስጡ፣ የስልኩን ማይክ በስስ ስፖንጅ ሸፍኑት። ክረምት ላይ ቤት ውስጥ የምትቀዱ ከሆነ ደሞ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ አለ። ከበሮውን ኮምፕረስ ባደረጋችሁት ቁጥር በምትና በምት መካከል ዝናቡ ከፍ ብሎ ይወጣል። ዝናቡ ሲያባራ መቅዳት ከየትኛውም ፕለጊን ይሻላል።

ሦስተኛው የሳምፕል ሬት ነው። ቪዲዮ ውስጥ ያለ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 48,000 ሳምፕል ነው። ፕሮጀክታችሁ 44,100 ከሆነና ሶፍትዌሩ ካልቀየረው፣ ከበሮው 8 ከመቶ ገደማ ይዘገያል፣ ድምፁም አንድ ተኩል ሴሚቶን ያህል ይወፍራል። 3 ደቂቃ የነበረው ቅጂ 3 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ይሆናል። ከበሮው መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ ቀስ በቀስ ወደኋላ እየቀረ ከሄደ የመጀመሪያ ጥርጣሬያችሁ ይሄ ይሁን። ፋይሉን ወደ ፕሮጀክቱ ሳምፕል ሬት ቀይራችሁ አስገቡት።

አራተኛው ችክችካ ላይ ይመጣል። ችክችካ በ6/8 ነው የሚሄደው፤ ብዙ ሶፍትዌር ግን ሁሉን ነገር በ4/4 ለመቁጠር ይሞክራል። እግራችሁ በደቂቃ 120 ጊዜ የሚመታበትን ምት ሶፍትዌሩ 180 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ከዚያ «ላስተካክልላችሁ» ብሎ ድምፁን ይለጥጠዋል፤ የከበሮው ምት ጫፉ ይደነዝዛል፣ ሁለቴ የተመታ ይመስላል። ከበሮ ስታስገቡ አውቶማቲክ መለጠጡን አጥፉት። ቴምፖውን በጆሯችሁ ፈልጋችሁ ፕሮጀክቱን ለከበሮው አስተካክሉ፣ ከበሮውን ለፕሮጀክቱ አይደለም።

*ድራሙ አለ፣ ግን ተሸራርፏል*

ምርመራው ላይ የተረፈው ድምፅ ከባድ ምቶች ላይ ብቻ «ጭክ ጭክ» የሚል ከሆነ፣ ክሊፒንግ ነው።

ዲጂታል ድምፅ ጣሪያ አለው፤ 0 ዲቢ ይባላል። አብዛኛው ሶፍትዌር በውስጡ ሲሠራ ከጣሪያው በላይ ማለፍ ይችላል፣ ስለዚህ ሜትሩ ቀይ ቢሆንም ፕሮጀክቱ ውስጥ ያለው ድምፅ ላይበላሽ ይችላል። ወደ 16 ወይም 24 ቢት ዌቭ ሲወጣ ግን ከጣሪያው በላይ ያለው በሙሉ በመቀስ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ይሆናል። መጀመሪያ የሚቆረጠው ደሞ ድራም ነው፣ ምክንያቱም ከሁሉም ረጅሙን ጫፍ የሚያወጣው እሱ ነው።

መድኃኒቱ ሁሉንም ትራክ እኩል ዝቅ ማድረግ ነው። ከማስተር ኢፌክት በፊት ትልቁ ጫፍ ከዜሮ 6 ዲቢ ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቀር አድርጉ። «ታዲያ ድምፁ አነሰ!» ትሉ ይሆናል። ይነስ። መጨረሻ ላይ ሊሚተሩ ያነሳዋል። ሊሚተሩንም ልክ 0 ላይ አታቁሙት፤ ከዜሮ 1 ዲቢ ዝቅ አድርጉ፣ ወደ ኤምፒ3 ሲቀየር ጫፎቹ ትንሽ ስለሚያድጉ።

ደሞ አንድ እውነት፦ ጩኸት በጩኸት ማድረግ ዋጋ የለውም። ዩቱብም ስፖቲፋይም ከ−14 ኤልዩኤፍኤስ ገደማ በላይ የጮኸን ዘፈን ራሳቸው ይቀንሱታል። ድራሙን ደፍጥጣችሁ ያገኛችሁት ጩኸት እዚያ ሲደርስ ይወሰድባችኋል፣ የተደፈጠጠው ድራም ግን ይቀርላችኋል።

*ድራሙ በኢርፎን ይሰማል፣ በብሉቱዝ ስፒከር ይጠፋል*

ይሄኛው ተንኮለኛ ነው። ትንንሽ የብሉቱዝ ስፒከሮች ብዙዎቹ ግራና ቀኙን ደምረው በአንድ ስፒከር ነው የሚያወጡት። የካፌውም ስፒከር፣ የታክሲውም እንደዚያው ሊሆን ይችላል። ግራው ወደፊት ሲገፋ ቀኙ ወደኋላ የሚስብ ከሆነ፣ ሲደመሩ ይጣፋሉ። ቅድም ለምርመራ ሆን ብለን ያደረግነው ነገር አሁን ሳንፈልግ ይደርሳል ማለት ነው።

ከበሮ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሁለት ፊት አለው፦ ሰፊው ወፍራሙን፣ ጠባቡ ቀጭኑን ድምፅ ይሰጣል። ሁለት ማይክ ካላችሁ አንዱን በሰፊው፣ አንዱን በጠባቡ በኩል ታስቀምጣላችሁ። ሰፊውን ፊት በመዳፍ ስትመቱት ቆዳው ወደ ውስጥ ይገባል፤ በዚያው ቅጽበት ውስጥ ያለው አየር ጠባቡን ፊት ወደ ውጭ ይገፋዋል። አንዱ ማይክ «ሳበ» ሲል ሌላው «ገፋ» ይላል። ሁለቱ ሲደመሩ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳና ከበሮው ካርቶን የተመታ ይመስላል። የአንዱን ማይክ ፖላሪቲ ገልብጡት፤ ወፍራሙ ድምፅ ከተመለሰ እሱ ነው። ከቀነሰ መልሱት። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፣ ገንዘብ አያስወጣም።

ቢት ብቻ የምትሠሩትም አታመልጡም። ሁለት ኪክ ደራርባችሁ ከሆነ ሞገዳቸውን አጉልታችሁ እዩ። የአንዱ መነሻ ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች ከሆነ እየተጣሉ ነው። አንዱን ገልብጡ።

ሌላው ምክንያት መዘግየት ነው። ድራሙን ወደ ሁለት መንገድ ልካችሁ በአንዱ ላይ ከባድ ፕለጊን ከጫናችሁና ሶፍትዌሩ መዘግየቱን ካላካካሰ፣ አንዱ ኪክ ከሌላው ኋላ ይመጣል። 10 ሚሊሰከንድ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ልክ 50 ኸርዝን፣ የኪኩን መኖሪያ፣ ታጠፋዋለች። የድምፅን መዘግየት በርቀት ማሰብም ይቻላል፦ ድምፅ በ1 ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲሜትር ገደማ ይሄዳል። ማይክ ስታርቁ እያዘገያችሁት ነው። ሶፍትዌሩ ላይ የመዘግየት ማካካሻው መብራቱን እዩ፣ ካልሆነ ትራኩን በእጅ ወደፊት ሳቡት።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ማስተሩ ላይ «ሞኖ» የሚለውን ተጫኑ። ድራሙ ከቀነሰ ችግሩ እዚህ ነው።

*ክፍላችሁ እየዋሸችባችሁ ይሆናል*

ወደዚያች 3 በ3 ክፍል እንመለስ። በ3 ሜትር ርቀት ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ግድግዳዎች 57 ኸርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ በመካከላቸው ያስተጋባሉ። ኪክ ደሞ የሚኖረው 50ዎቹና 60ዎቹ አካባቢ ነው። ክፍሏ አራት ማዕዘኗ እኩል ከሆነ በሁለቱም አቅጣጫ ያው ቁጥር ስለሚመጣ ችግሩ ይደረባል። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ደሞ ይብሳል።

ውጤቱ አስገራሚ ነው። ግድግዳው ሥር ከተቀመጣችሁ ኪኩ በጣም ይጎላል፣ ስለዚህ ትቀንሱታላችሁ፤ ሌላ ቦታ ሲከፈት የለም። ልክ ክፍሉ መሃል ከተቀመጣችሁ ደሞ ኪኩ ይጠፋል፣ ስለዚህ ትጨምሩታላችሁ፤ መኪና ውስጥ ያናውጣል። ጆሯችሁ ትክክል ነው፣ የተቀመጣችሁበት ቦታ ነው የተሳሳተው።

ሞኒተር ስፒከር ካላችሁ፣ ከፊት ለፊት ግድግዳው 1 ሜትር ከ10 አካባቢ ርቃችሁ ተቀመጡ። ማዕዘኖቹ ላይ ፍራሽ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ ልብስ የሞላ ማዳበሪያ አቁሙ። ከታች ያለውን ኪክ ሙሉ በሙሉ አያስተካክልም፣ የስኔሩን ማስተጋባት ግን በደንብ ይቀንሳል። የኪኩን መጠን ለመወሰን ግን ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይሻላል፣ እሱ ክፍል የለውም። ከሁሉም በላይ ደሞ የምታውቁትን፣ የምትወዱትን የሌላ ሰው ዘፈን ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገቡና ከእናንተው ጋር እኩል ድምፅ አድርጋችሁ እያቀያየራችሁ ስሙ። ክፍሏ ብትዋሽም ለሁለቱም እኩል ነው የምትዋሸው።

*ስልኩ ራሱ*

ምርመራው ዝምታ ከሰጠ፣ ሞኖውም ጤነኛ ከሆነ፣ የጆሮ ማዳመጫውም ላይ ልክ ከሆነ፣ ቀሪው ተጠርጣሪ ስልኩ ነው። የስልክ ስፒከር የጥፍር ያህል ናት፤ ከ200 ኸርዝ በታች የምታወጣው እጅግ ጥቂት ነው። 55 ኸርዝ ላይ ያለውን ኪክ 10 ዲቢ ብትጨምሩትም ስልኩ አያወጣውም። ትርፉ ሊሚተሩን ማስጨነቅና ሌላውን ድምፅ ማፈን ነው። ቅድም «ጨመርን ጨመርን አልሰማም አለ» ያልነው ምክንያቱ ይሄ ነው።

ታዲያ በስልክ የሚሰሙት ዘፈኖች ኪካቸውን ከየት አመጡት? ከላይ። ጆሯችን አንድ ድንቅ ጠባይ አለው፤ የአንድን ድምፅ ሃርሞኒኮች፣ ማለትም እጥፎቹን ከሰማ፣ ያልተሰማውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። 55 ባይሰማም 220፣ 275፣ 330 ከተሰሙ አእምሮ ኪኩ እንዳለ ይቆጥራል። ስለዚህ፦

▪ ኪኩን ኮፒ አድርጉና ኮፒው ላይ ሳቹሬሽን ወይም ለስለስ ያለ ዲስቶርሽን ጨምሩ፤ ከዋናው ሥር በትንሹ ቀላቅሉት። እጥፎቹን የሚፈጥረው እሱ ነው።

▪ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን የምቱን «ጠቅ» የሚል ጫፍ ትንሽ አውጡት።

▪ ከ30 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፤ ማንም የማይሰማው ጉልበት ነው።

▪ ቤዝ ጊታሩ ወይም ሲንቱ በዚያው ሰፈር ኪኩን ከሸፈነው፣ ኪኩ ሲመታ ቤዙ ለአፍታ ዝቅ እንዲል አድርጉ።

ከዚያ በስልክ ስሙት፤ ግን በስልክ ብቻ አትፍረዱ። ስልክ፣ ኢርፎን፣ የጓደኛ መኪና፤ ሦስቱም ላይ «ደህና ነው» ከተባለ በቂ ነው።

*አላላኩም ያጠፋል*

የመጨረሻው ስህተት ሲያናድድ! ሥራው አልቆ በመላክ ይበላሻል። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አድርጋችሁ፣ ማለትም ስፒከሩ ሥር ስልክ ይዛችሁ ቀድታችሁ ከላካችሁ፣ ሞኖ ሆኖ ለንግግር ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። ሁልጊዜ እንደ ፋይል ላኩ፣ ያኔ እንዳለ ይደርሳል። ዋትሳፕ ላይም «ዶክመንት» ብላችሁ ላኩ።

ድምፃዊው በቢቱ ላይ ቀድቶ ድምፁን የሚመልስላችሁ ከሆነ ደሞ ኤምፒ3 አትላኩለት። ኤምፒ3 ሲሠራ መነሻው ላይ ትንሽ ባዶ ጊዜ ይጨመራል፣ 25 ሚሊሰከንድ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ። አንዳንዱ ሶፍትዌር ያነሳዋል፣ አንዳንዱ ይተወዋል። የተመለሰውን ድምፅ ፕሮጀክታችሁ ላይ ስታስቀምጡ ድምፃዊው ከድራሙ ኋላ የቀረ ይመስላል። «ሪትም አይችልም» ብላችሁ ሰው ከማማታችሁ በፊት ይሄን አረጋግጡ። ዌቭ ላኩ፤ መነሻው ላይም አንድ «ጠቅ» የምትል ምልክት አስገቡ፣ ሲመለስ በእሷ ታስተካክሉታላችሁ።

*ባጭሩ*

ድራም ሲጠፋ እጃችሁ ወደ ኪኩ ፌደር ከመሄዱ በፊት፦ ፋይሉን መልሳችሁ አስገቡና ገልብጡት። ዝም ካላለ ኤክስፖርቱን መርምሩ። ዝም ካለ ሞኖውን ተጫኑ። ሞኖው ደህና ከሆነ ቦታችሁን ቀይራችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። እዚያም ደህና ከሆነ ለስልኩ የሚሆነውን እጥፍ ጨምሩለት። ከዚያ እንደ ፋይል ላኩ።

በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዳችሁ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሳይሆን 5 ሰዓት ላይ ትተኛላችሁ። ድምፃዊውም ጠዋት «ድራሙ የት አለ?» አይልም፤ «ሁለተኛውን መቼ እንሥራ?» ነው የሚለው።

ቢት የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ ላኩለት። ምናልባት አሁን ኪክ እየጨመረ ይሆናል።